ደጅ የማይጠናበት መሥሪያ ቤት

ከጓደኞቹ ሁሉ የመምረጥ መብት የነበረው ኅሩይ ደስታ ብቻ ነበር።

ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር 1977 ነው። ያኔ በሎስ አንጀለስ የነበርነው ኢትዮጵያውያን ጥቂቶች ነን፤ አብዛኞቻችን ለትምህርት መጥተን፣ ትምህርቱ ሲያልቅ መመለሱ ያስፈራን ሰዎች። ፌርፋክስ በሚባለው ጎዳና ላይ የእኛ የሚባል አንድ ሱቅ እንኳ አልነበረም። የአይሁድ ዳቦ ቤቶችና ዓሣ ቤቶች ነበሩ፤ ከጀርባቸው ደግሞ ኪራያቸው የማይከብድ አሮጌ አፓርታማዎች። የማነ የሚኖረው ከእነዚያ በአንዱ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ እሱ ዘንድ እንሰበሰብና ስለ አብዮቱ እንከራከራለን። ኅሩይ ጥግ ይዞ ይሰማል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ወደ ፊት ጎበጥ ያለ ሰው ነበር። ጉብጠቱ ከሥራው የመጣ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ዘቅዘቅ ባለ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ የመንገድና የፍሳሽ ቱቦ ፕላን ይነድፋል።

የሚሠራው ለከተማ ነው። ሎስ አንጀለስ ሲባል አንድ ከተማ ብቻ ይመስላል እንጂ፣ በመካከሏና በዳርቻዋ የራሳቸው ከንቲባ፣ የራሳቸው ፖሊስና የራሳቸው ምክር ቤት ያላቸው ትንንሽ ከተሞች ተሰክተዋል። አንድ መንገድ ስትሻገር ከአንዷ ወጥተህ ሌላዋ ውስጥ ትገባለህ፤ ልዩነቱ የሚታወቅህ በመንገዱ ሰሌዳ ቀለም ብቻ ነው። ኅሩይ የሚሠራባትና ከሚስቱ ከወይንሸት ጋር የሚኖርባት እንዲህ ያለች ከተማ ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ ያኔ ኃላፊ የነበሩት ሰዎች ልጆች ዛሬም እዚያው ይኖራሉ። ከተማዋ ቻርተር ነበራት፤ ቻርተር ማለት የከተማዋ መተዳደሪያ ሕግ ነው። ነዋሪዎቹ ወጥተው ድምፅ ካልሰጡበት በቀር ከውስጡ አንድ ቃል አይነካም።

ኅሩይ የአሜሪካ ዜግነት የወሰደው ለዚያ ሥራ ሲል ነው። ጓደኞቹ ይህን አልወደዱለትም። በአደባባይ አልሰደቡትም እንጂ፣ ክርክሩ ሲጋጋል «አንተማ ምን አለብህ» የሚል ሰው አይጠፋም ነበር።

ኢንጂነሪንግ ተምሮ በጥሩ ውጤት የተመረቀ ሰው ነው። ከተመረቀ በኋላ ግን ረጅም ጊዜ በየቢሮው ተንከራቷል። ስልክ ሲደውል አነጋገሩን የሰሙ ቦታው ተይዟል ይሉታል፤ በስልክ ያልጠረጠሩት ደግሞ ፊቱን ሲያዩ ያንኑ ይሉታል። በዚያ ዘመን ካልቨር ሲቲ ውስጥ መኪና ያጥብ ነበር። አንድ ቀን የቤት መብራት ሊከፍል ሲሄድ በሚኖርባት ከተማ ማዘጋጃ ቤት ግድግዳ ላይ የመቀጠሪያ ፈተና ማስታወቂያ አየና አፕላይ አደረገ።

ፈተናው የተሰጠው በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነው። ወረቀቱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም። የሚያርመው ሰው ተፈታኙ ጥቁር ይሁን ነጭ፣ ከየት ይምጣ፣ የማን ልጅ ይሁን አያውቅም። ውጤቱ ሲለጠፍ ኅሩይ ሁለተኛ ወጥቷል። ቻርተሩ ደግሞ ኃላፊው ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ውጭ መቅጠር አይችልም ይላል። ብዙም ሳይቆይ ጠሩት፤ የንድፍ ጠረጴዛና ከፍ ዝቅ የሚል ወንበር ሰጡት።

ይህን ታሪክ እኛ ዘንድ ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር። «ማንንም አልለመንኩም» ይላል። «ይገባችኋል? አንድም ሰው አልለመንኩም።»

እንዲህ የሚለው በአባቱ ምክንያት መሆኑን የምናውቀው ጥቂቶች ነበርን። አባቱ አቶ ደስታ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ከአለቃቸው ጋር በአንዲት ቃል ተጋጩና ተባረሩ። ከዚያ ወዲያ ሥራቸው ደጅ መጥናት ሆነ። ማለዳ ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የአንድ ትልቅ ባለሥልጣን ግቢ በር ላይ ከሌሎች ደጅ ጠኚዎች ጋር ይቆማሉ። መኪናው ሲወጣ እጅ ይነሣሉ። መስኮቱ አይከፈትም። ኅሩይ ትምህርት ቤት የሚሄደው በዚያ በኩል ስለነበር አባቱን በየጠዋቱ ያያቸዋል፤ ግን እንዳላያቸው ሆኖ ያልፋል። እሳቸውም እንዳላዩት ይሆናሉ። ማታ ቤት ሲገናኙ ነገሩን አንሥተውት አያውቁም። ከዓመታት በኋላ ባለሥልጣኑ ተሹመው ወደ ጠቅላይ ግዛት ሄዱ። አቶ ደስታም ሌላ ደጅ መርጠው እንደ አዲስ ጀመሩ። አቤቱታቸው ሳይሰማ ሞቱ።

በማዘጋጃ ቤቱ የኅሩይ ጠረጴዛ ከዶሮቲ ጠረጴዛ ጎን ነበር። ዶሮቲ ጠና ያለች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ከሁሉም ሠራተኛ ቀድማ የምትገባ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚያው ፈተና ያለፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ነበረች። እሷን ለማስወጣት በየጊዜው የሞከሩ አለቆች ነበሩ። በእያንዳንዱ ጊዜ ጉዳዩ ቻርተሩ ወዳቋቋመው የሠራተኞች ጉዳይ ሰሚ ቦርድ ይሄዳል፤ ቦርዱም ወደ ጠረጴዛዋ ይመልሳታል።

በዚያ ዓመት በየካቲት አንድ ጠዋት፣ ዶሮቲ የአካባቢውን ጋዜጣ አጥፋ የኅሩይ ፕላን ላይ አስቀመጠችው።

«አንብበው» አለችው።

«ምንድን ነው?»

«እኔና አንተ የገባንበትን በር ሊዘጉት ነው።»

የከተማው ምክር ቤት ቻርተሩ እንዲሻሻል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ማሻሻያው ካለፈ የመምሪያ ኃላፊዎች ያለ ፈተና የፈለጉትን ይቀጥራሉ፤ የማይፈልጉትንም ያለ ቦርድ ያሰናብታሉ። ስሙን «ቀልጣፋ አስተዳደር» ብለውታል። ጋዜጣው ደግፎታል፤ የነጋዴዎቹ ማኅበር ደግፎታል፤ ከንቲባውም ደግፎታል። የምርጫው ቀን በሚያዝያ ነበር።

ኅሩይ ጋዜጣውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ እርሳሱን አስቀመጠና «ምን ማድረግ ይቻላል?» አላት።

«ብዙ አይቻልም» አለች ዶሮቲ። «ግን ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ስብሰባ አለ።»

ተቃዋሚዎቹ ከአሥር አይበልጡም ነበር፤ ጥቂት ጡረተኞች፣ ሁለት የውኃ ክፍል ሠራተኞች፣ ዶሮቲና ኅሩይ። ሌሎቹ ሠራተኞች በልባቸው ቢቃወሙም አለቆቻቸውን ፈርተው ቀሩ። በራሪ ወረቀት አሳተሙ፤ ከተማዋን በሰፈር ተከፋፈሉ። ኅሩይም ቅዳሜ ቅዳሜ ክራቫት አስሮ፣ ወረቀቱን ይዞ በር ማንኳኳት ጀመረ። ይህ ሰው ምግብ ቤት ገብቶ የቀዘቀዘ ሾርባ ቢያመጡለት ዝም ብሎ የሚጠጣ ዓይነ አፋር ነበር። በየበሩ ላይ ከማንኳኳቱ በፊት ጥቂት እንደሚቆምና ከንፈሩን እንደሚያረጥብ ወይንሸት በኋላ ነግራኛለች።

ከመጀመሪያዎቹ ቤቶች በአንዱ በካናቴራ ሆኖ ሣር የሚያጠጣ ሰው አገኘ። ሰውየው የውኃ ጎማውን ሳይዘጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠው።

«አንተ ለከተማው ነው የምትሠራው?» አለው።

«አዎ።»

«እንግዲያ የራስህን ሥራ ለማዳን ነው የመጣኸው።»

ኅሩይ መዋሸት አልሆነለትም። «የራሴንም ጭምር» አለ።

ሰውየው ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም። «እኔን ከፋብሪካ ያስወጡኝ ዕለት ቻርተር አልነበረኝም። ቦርድም አልነበረኝም። ዕቃህን ያዝና ሂድ ነው ያሉኝ። ለምን አንተ ከእኔ የተሻለ ታገኛለህ?»

ኅሩይ አመሰገነውና ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ። ማታ ለወይንሸት «ሰውየው እውነቱን ነው» አላት። «ለእሱም ቢኖረው ጥሩ ነበር ማለት ነበረብኝ። መንገድ ላይ ነው የመጣልኝ።»

ሌላ ቀን አንዲት አሮጊት አስገብተው አስቀመጡት፤ የሎሚ ጭማቂ ቀዱለት። ስለ ልጃቸው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጎረቤታቸው ውሻ አጫወቱት። ስለ ቻርተሩም ሲነግራቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ «ልክ ነህ፣ ልክ ነህ» አሉ። ደስ ብሎት ሲነሣ በር ድረስ ሸኙትና «እኔ እንኳ ባሌ ከሞተ ወዲህ መርጬ አላውቅም» አሉት።

ወይንሸት ነገሩን አልወደደችውም ነበር። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት የምትሠራ፣ ነገር ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከመምጣቱ በፊት የምትፈራ ሴት ናት። «ዝም ያለ ሰው አይታይም» ትለዋለች። «አንተ ራስህን እያሳየህ ነው።» ቢሆንም አንድ ቅዳሜ አብራው ወጣች፤ ብቻውን ሲሄድ አሳዝኗት ነው። የመጀመሪያውን በር ሲያንኳኩ አንዲት ሴት ከፈተችና ሁለት ጥቁር ሰዎች ዘንጠው ወረቀት ይዘው ስታይ፣ ቃል ሳይናገሩ፣ ሃይማኖት ሰባኪዎች መስለዋት «እኛ ካቶሊክ ነን» ብላ በሩን ዘጋችው። ኅሩይና ወይንሸት ተያዩ። ወይንሸት መሳቅ ጀመረችና ማቆም አቃታት፤ መንገዱ ዳር ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱም አጠገቧ ተቀምጦ ሳቀ። ከዚያ ዓመት በደስታ የሚያስታውሱት ያንን ብቻ እንደሆነ ሁለቱም ይናገራሉ።

በመጋቢት ምክር ቤቱ የሕዝብ አስተያየት ሰማ። ለመናገር የፈለገ ሁሉ ተመዝግቦ ለጥቂት ደቂቃ ይናገራል፤ ጊዜው ሲያልቅ ቀይ መብራት ይበራል። ዶሮቲ ቀድማ ተናገረች። ስለ ሕጉ አንቀጾች ስታብራራ መብራቱ በራባትና ሳትጨርስ ተቀመጠች። ከዚያ ኅሩይ ተነሣ። ለሳምንት ያህል መኪና ውስጥ ሲለማመደው የነበረውን ንግግር ትቶ ስለ አባቱ ተናገረ። በአንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ማርጀት ምን እንደሆነ፣ ልጅ አባቱን ላለማየት ፊቱን ሲያዞር ምን እንደሚሰማው ነገራቸው። «ሰው መብቱ በሌላ ሰው ደግነት ላይ ከተንጠለጠለ፣ ደግ ሰው ቢያጋጥመው እንኳ ተዋርዷል» አለ።

የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ነጭ ፀጉር ያላቸው ትሑት ሰው ናቸው። «ሚስተር ደስታ፣ ልብ የሚነካ ታሪክ ነው» አሉ። «ስላካፈሉን እናመሰግናለን። ግን ይህ አሜሪካ ነው። እዚህ ማንም ሰው በማንም በር ላይ አይቆምም።»

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው አጨበጨበ፤ ለሰብሳቢው።

ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ዶሮቲ ክንዱን ይዛው ነበር። «እኔ ግን በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ ልላቸው ፈልጌ ነበር» አለችው። «እዚሁ፣ በዚሁ ከተማ። ጊዜዬ አለቀ እንጂ።»

ቀጥሎ በመጣው እሑድ ኅሩይ በራሪ ወረቀቶቹን ይዞ ፌርፋክስ መጣ። በምርጫው ሳምንት በየሰፈሩ የሚበትን ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ወረቀት ለመበተን ደግሞ ዜግነት አያስፈልግም። ይህን ሲያስረዳን የማነ ክንዱን አጣምሮ ይመለከተው ነበር። የማነ ፈጣን፣ ምላሰኛ ሰው ነው፤ የዶክትሬት ትምህርቱን አቋርጦ ሚራክል ማይል በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር የሰው መኪና ፓርክ ያደርግ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ብዙ አይናገርም። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሙ ከቤት ተወስዶ የደረሰበት አልታወቀም።

«ኅሩይ» አለው በመጨረሻ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ወንድሜ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። አዲስ አበባ ልጆች በየመንገዱ ሞተው ያድራሉ። አንተ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ በፈተና ይግባ አይግባ ብለህ ወረቀት በትኑልኝ ትለናለህ?»

«ለወንድምህ ላደርግ የምችለው ነገር ካለ ንገረኝ» አለ ኅሩይ። «ዛሬ አደርገዋለሁ።»

«የለም።»

«ለዚህ ግን የምችለው አለ።»

«እና የምንታገለው የሚቻለውን ብቻ ነው?»

ኅሩይ አሰበና «እኔ እንጃ፣ የማነ» አለ። «እኔ የማውቀው ከዚህም ከዚያም ዝም ካልኩ ምንም ያልሆንኩ እንደሚመስለኝ ነው።»

ከመካከላችን የሚነሣ ሰው አልነበረም። አንዱ ራዲዮ ከፈተ። ኅሩይ ሲወጣ የማነ ወረቀቶቹን አስተካክሎ ደረደረና በበሩ ጥግ አስቀመጣቸው። አልጣላቸውም፤ የበተናቸውም ሰው ግን የለም።

የምርጫው ዕለት ጠዋት ኅሩይ ከሥራ በፊት ድምፁን ሊሰጥ ሄደ። ምርጫ ጣቢያው የአንድ ሰው ቤት ጋራዥ ነበር። በልብስ ማጠቢያው ማሽንና በልጆች ብስክሌት መካከል ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ባንዲራ አቁመው፣ ሁለት አሮጊቶች ተቀምጠዋል። ስሙን መዝገቡ ላይ በአባቱ ስም መፈለግ ሲገባቸው በራሱ ስም ፈልገው አጡትና ሦስቱም ሆነው እየተሳሳቁ አገኙት። መጋረጃው ውስጥ ገብቶ፣ በተሰጠው መርፌ የድምፅ መስጫ ካርዱን ከ«አይደገፍም» አንጻር ወጋ። ሲወጣ ከኋላው ማንም ሰው አልነበረም። ይህንኑ ለወይንሸት ከቢሮ ደውሎ ነገራት።

«መሸነፋችሁ ነው?» አለችው።

«እንጃ። ሰው ከሰዓት በኋላ ይመጣ ይሆናል።»

አልመጣም። ከመራጩ አብዛኛው ቤቱ ዋለ፤ ከወጡት ጥቂቶች ደግሞ እጅግ የሚበዙት ማሻሻያውን ደገፉ። በየሳምንቱ ያንኳኳባቸው የነበሩት መንገዶች ሳይቀሩ ደግፈውታል። ነገሩ ለጥቂት ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ሰፈር ተጨማሪ ዞሬ ቢሆን ብሎ በተጸጸተ ነበር፤ ሽንፈቱ ግን እንዲህ ሰፊ ስለነበረ ለጸጸትም አልተመቸም።

ዶሮቲ በሰኔ ጡረታ ወጣች። ሊያሰናብቷት የሚችሉበት ሕግ ከሥራ ላይ ሳይውል በራሷ እግር መውጣት ፈልጋ ነው። ኬክ ተቆረሰላት። የመምሪያው ኃላፊ ሚስተር ፌለር፣ ማሻሻያውን በጋዜጣ የደገፉት ሰው፣ ረጅም ምስጋና አቀረቡላት። ስትወጣ ኅሩይ ዕቃዋን መኪናዋ ድረስ ተሸከመላት።

«እኔ መግቢያውን አገኘሁት፤ ጨርሼም ወጣሁ» አለችው። «የማዝነው ላንተ ነው።»

ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ከሰው መካከል የተጣላ አልነበረም፤ የጮኸም አልነበረም። ጠዋት ሲገቡ ቀጥታ ወደ ጠረጴዛቸው ይሄዱ የነበሩ ሰዎች መጀመሪያ በሚስተር ፌለር በር በኩል ማለፍ ጀመሩ። አንዱ ጎልፍ መጫወት ተማረ። ሌላው ሚስቱ የጋገረችውን ኬክ ማምጣት አዘወተረ። በነሐሴ የአንድ ምክር ቤት አባል የእህት ልጅ ያለ ፈተና ተቀጠረና ከኅሩይ ጎን፣ በዶሮቲ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሥራውን አያውቅም ነበር። ደግ ልጅ ነው፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም፤ ኅሩይ የፕላን ልኬት እንዴት እንደሚያነብ፣ ቱቦ እንዴት እንደሚለይ ቁጭ ብሎ አስተማረው።

በመስከረም የነዳፊዎቹ ቁጥር ሊቀነስ ነው የሚል ወሬ መጣ።

«ሄደህ አናግራቸው» አለችው ወይንሸት። «ሁሉም እያናገራቸው ነው።»

«ምን ልበላቸው?»

«አለሁ በላቸው። እንዲያዩህ ነው እንጂ ሌላ ምን ትላቸዋለህ።»

«ያዩኛል እኮ። በየቀኑ ያዩኛል።»

«እንደዚያ አይደለም የምልህ። ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። ለብዙ ቀን እንቢ አለ። በመጨረሻ የልጃቸው ነገር አሸነፈው፤ ወይንሸት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። አንድ ጠዋት ክራቫቱን አስሮ ከሚስተር ፌለር ቢሮ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ተቀመጠ። ጸሐፊዋ ቀጠሮ እንዳለው ጠየቀችው፤ የለኝም ሲላት «ጠብቅ፣ ምናልባት ይመቻቸው ይሆናል» አለችው። ጠበቀ። ሌሎችም መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ሁሉም ይተዋወቃሉ፤ ሁሉም ግን ወለሉን ያያሉ።

በሩ ተከፈተና ሚስተር ፌለር ፋይል ይዘው ወጡ። ኅሩይ ብድግ አለ። ያደረገውን ያወቀው ካደረገው በኋላ ነው፤ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከወገቡ ጎንበስ ብሏል። በልጅነቱ ከሩቅ ሲያየው የነበረውን እጅ መንሣት ማንም ሳያስተምረው አካሉ ያውቀው ኖሯል። ሚስተር ፌለር ፈገግ ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና «ደህና ነህ ሃሪ?» ብለው አለፉ።

ኅሩይ ተመልሶ ተቀመጠ። እስከ ምሳ ድረስ ቆየ። በማግሥቱም ሄደ። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ሲነግረኝ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። «አባቴን ሁልጊዜ እወቅሳቸው ነበር» አለኝ። «ለምን ወደ ቤታቸው አይሄዱም እያልኩ። ወንበሩ ላይ ከተቀመጥክ በኋላ ግን መነሣት ይከብዳል። ብነሣ ያን ጊዜ ሊጠሩኝ ይሆናል ትላለህ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ አስገቡት። ሚስተር ፌለር በትሕትና አነጋገሩት፤ ውሳኔው ቀደም ብሎ እንደተወሰነ፣ በግሉ የሚጠሉት ነገር እንደሌለ፣ ጥሩ የድጋፍ ደብዳቤ እንደሚጽፉለት ነገሩት። ኅዳር ሳያልቅ ተሰናበተ። ይግባኝ የሚባልበት ቦርድ አልነበረም። ያስተማረው ልጅ ግን ቀረ፤ ኅሩይ ሲወጣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር አሉ።

ሥራ ያገኘው ከዚያች ከተማ ርቆ ቫን ናይስ ነው፤ ለገበያ ማዕከሎች የመኪና ማቆሚያ የሚነድፍ የግል ድርጅት። በየቀኑ ፍሪዌይ ላይ ብዙ ሰዓት ድራይቭ ያደርግ ነበርና ሴት ልጃቸው ከተወለደች በኋላ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደዚያው ሄዱ። እሑድ ፌርፋክስ መምጣቱን ቀነሰ። እኛም በአገር ቤት ነገር ተከፋፍለን፣ የግማሾቻችን ሰላምታ ተቋርጦ ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት የየማነ ወንድም መሞቱ ተረጋገጠ። የተገደለው በተያዘ ሰሞን ኖሯል፤ እኛ በሕይወት ይኑር አይኑር ስንል የነበረው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ለቅሶው ላይ ኅሩይ ከሥራ ቀርቶ መጣ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከየማነ ጎን አልተለየም። በሦስተኛው ቀን ሰው ሳሳ ሲል የማነ «ያን ወረቀትህን ብበትንልህ ኖሮ ምንም አይለወጥም ነበር» አለው።

«አይለወጥም ነበር» አለ ኅሩይ።

«ባልበትነውም ለወንድሜ ምንም አላተረፍኩለትም።»

ኅሩይ ብርጭቆውን ውኃ ሞላለትና እጁ ላይ አስያዘው።

በ1979 መጨረሻ ላይ አንድ ምሽት ራት እየበሉ ስልክ ተደወለላቸው። የደወለችው ኅሩይ የማያውቃት ሴት ናት። በዚያች ከተማ የቻርተሩ ማሻሻያ ያመጣው ነገር ያስመረራቸው ጥቂት ሰዎች አንቀጹ እንዲመለስ ለምርጫ ሊያቀርቡት ፊርማ እያሰባሰቡ መሆናቸውን ነገረችው። ስሙን የሰጠቻት ዶሮቲ ናት፤ ዶሮቲ ቴክሳስ፣ እህቷ ዘንድ ሄዳ ነበር የምትኖረው። ሴትየዋ ፊርማው ገና ብዙ እንደሚጎድልና ቀኑ እየተቃረበ መሆኑን ስትነግረው ኅሩይ ቆሞ አዳመጠ። ወይንሸት ማንኪያዋን አስቀምጣ ታየው ነበር።

«አሁንም እዚያው አድራሻ ላይ ነህ አይደል?» አለችው ሴትየዋ።

«አይ፣ ቫን ናይስ ነን አሁን።»

«እንግዲያ ፊርማህ አይቆጠርም።»

«አውቃለሁ» አለ። «በር ማንኳኳት ግን እችላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልመጣ እችላለሁ።»

ሴትየዋ ጥቂት አሰበች። ፊርማ አሰባሳቢዎቹ የከተማዋ ነዋሪዎች ቢሆኑ እንደሚመረጥ፣ የውጭ ሰው መጣ እንዳይባል እንደሚፈሩ በጨዋ ቃል ነገረችው። አመስግና ዘጋች። በኋላ እንደሰማነው፣ በተባለው ቀን ፊርማው ሳይሞላ ቀረ።

ያን ምሽት ኅሩይ ወደ ራት ጠረጴዛው ተመለሰ። ወይንሸት ማን እንደነበረ ጠየቀችው፤ ነገራት። ልጅቷ ሳህኗን ገፍታ አልበላም ስትል፣ እሱ አቅፎ ያጎርሳት ጀመር።